ለጸጥታ ነጥብ ለሚሰጠው ኮሚቴ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል

ለተከበሩ የሕፃናት ማሳደጊያችን ሥራ አስኪያጅና የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና የልጅ ጩኸት ለማይደርስበት ባለምንጣፍ ቢሮዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ በጓሮ በኩል፣ ከማጠቢያው ማሽን አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩ ልብስ አጣቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ተሳስቼ ይሆናል። ነገር ግን ቅጥሩ ሰኞ እንደሚፈረም ስለተለጠፈ፣ መሳሳቴን የማጣራበት ጊዜ የለኝም።

ለሦስተኛው ቤት እናትና አባት የሚሆኑ ሰዎችን ለመምረጥ ስላወጡት ዘዴ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተወዳዳሪዎቹ በየተራ አንድ ሳምንት ከዘጠኙ ልጆች ጋር ሲኖሩ፣ ኮሚቴው በኮሪደሩ እያለፈ ጸጥታውን ሰምቶ ከሃያ ነጥብ ይሰጣል። በር ከፍቶ ልጅ ማየት ስለማያስፈልግ ማንም አልደከመም። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

፩. ልጆቹ እትዬ ሳቂታ የሚሏት መበለት በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን እንደበጠበጠችው አልክድም። ድንች ሲልጡ ይከራከራሉ፤ ካልሲ ሲያጣምሩ ይዘፍናሉ። ትልቁ ልጅ ተቆጥቶ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ሲወጣ፣ ቆይቶም ተመልሶ ይቅርታ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አራት ነጥብ አግኝታ መሰናበቷ ተገቢ ነው። በር የሚወረውር ልጅ ይቅርታ መጠየቁን ማን ይቆጥርለታል?

፪. ቀጥለው የገቡት ባልና ሚስት ሃያ ከሃያ አግኝተዋል። ኮሽ የሚል ነገር የለም። የእኔ ክፍል ነጥብ አይሰጥም እንጂ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚባለውን እኔ በአንሶላ ነው የማውቀው። በመበለቷ ሳምንት ሁለት እርጥብ አንሶላ አጠብኩ። በዚህኛው፣ ሳምንቱ ገና ሳያልቅ፣ አሥራ ዘጠኝ። ከአልጋ ሥር ተጠቅልለው የተደበቁትን ሳልጨምር።

፫. ዓርብ ጠዋት የስድስት ዓመቷ ልጅ አንሶላዋን በብብቷ ይዛ መጣች። ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ በሹክሹክታ፦ "እማማ፣ ይኸው አምስት ቀን ሙሉ ዝም ብያለሁ። እትዬ ሳቂታ መቼ ነው የምትመለሰው?"

ለካ ከኮሚቴው አንዱ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ መበለቷ የምትሰናበተው በልጆቹ ጩኸት ነው ሲል ሰምታዋለች። ለስምንቱም ነግራለች። ሃያ ነጥብ የሰጡት፣ ዘጠኝ ልጆች የሄደችውን ለመመለስ ተማክረው ጥርሳቸውን ነክሰው ላቆዩት ዝምታ ነው። ባልና ሚስቱ ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ዝም ያለ ቤት ተሰጣቸው፤ ዝም ብለው ተቀበሉ።

ምን ብዬ መለስኩላት? ምንም። ሳሙና የምፈልግ መስዬ ዞርኩ። እኔም ለካ ሃያ ከሃያ ነኝ።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩን ከፍተው ልጆቹን ማንን እንደሚፈልጉ ቢጠይቋቸው። መጠየቁ የሥራ መደብዎን ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ግን ይቅር።

ደብዳቤዬን ሳያነቡ በክብር ፋይል ውስጥ ስለሚያኖሩልኝ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ፣ ሁልጊዜም በጓሮው በር የምገባ ታዛዥዎ፣
ልብስ አጣቢዋ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ታጥፎ የሚያገኙት ነጭ ጨርቅ የጠረጴዛ ልብስ አይደለም። የማን ነው ብለው አይጠይቁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሳላጥብ የላክሁት የመጀመሪያው አንሶላ ነው።