በሌላ ሰው ትንፋሽ

ጥር 4 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ፋሻ ተቀየረ። ድሬሰሩ ደህና እየጠገገ ነው ይላል። እሱ ምን አለበት፣ አሥሩም ጣቶቹ አሉ። እኔ ከግራ እጄ ሌባ ጣቴና የመሃሉ የሉም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ እጄን ወደ ማራገቢያው ሰደድኩ። ባለጋራዡ ግሪክ ሥራህ ይጠብቅሃል ብሎኛል። መፍቻ በቀኝ እይዛለሁ። ይኸው አንተንም በቀኝ እጽፍሃለሁ፣ ደብተሬ። ዋሽንት ግን በአንድ እጅ አይነፋም። ዘነበችን ከጠራኋት ሦስተኛ ሳምንቴ።

ጥር 6፣ ዓርብ

ከዛሬ ጀምሮ ዘ. ነው የምላት። አከራዬ ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው።

ወሬ ሰማሁ። መልካ ጀብዱ ያለ፣ የጭነት መኪና ያለው ሰውዬ ለዘ. ሽማግሌ ልኳል። አባቷ መልስ አልሰጡም፤ እሷን እየጠየቁ ነው አሉ። ቶሎ ላገኛት ይገባል። እጄን ትይና፣ እንዲህም ሆኜ ትፈልገኝ እንደሆነ ትንገረኝ። እፈልግሃለሁ ካለች እኔም ሽማግሌ እልካለሁ።

እንዴት ላግኛት? ከፋብሪካ ስትወጣ ወንድሟ በር ላይ ይጠብቃታል። ቤታቸው መሄድ አይታሰብም። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተገናኘነው በዋሽንት ነው። አመሻሽ ላይ ዴቻቱ፣ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ ያወጣሁትን ዜማ እነፋለሁ፤ እሷ ማዶ ትሰማና ባልዲ አንስታ፣ ከቦኖ ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች። ዜማውን ከእኔ ሌላ የሚችለው ጀማል ብቻ ነው፤ አብሮኝ ጋራዥ የሚሠራ፣ አብሮኝ የሚኖር። ንፋልኝ አልኩት። አቦ ተወኝ፣ የሰው ነገር ውስጥ አታስገባኝ አለ። ለመንኩት።

ጥር 9፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አልወጣችም።

ጀማል አንዲት ሳያዛንፍ ነፋ። ሦስት ጊዜ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በራቸውን አያለሁ። ተከፈተ። ቆመች፤ ነጠላዋን ለየሁት። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ስለ እጄ ሰምታለች ማለት ነው። ጎደሎ አላገባም ብትል ምን ይፈረድባታል። አይ፣ ይፈረድባታል።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሕዝቡ መሃል አየኋት። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ ቀረብኩ። አየችኝ። ፊቷን አዞረች። ጨዋታው ደርቶ ነበር፤ አንዱ ምነው አጨብጭብ እንጂ አለኝ። በምን?

ጥር 20፣ ዓርብ

አባቷ እሺ ብለዋል። ሠርጉ የካቲት 6። አላለቅስም ብዬ ነበር።

በሆነ ባልሆነው ጀማልን ሰደብኩት። ከሥራ መልስ ዋሽንቱን አዙሬ ያዝኩት። ቀኝ እጄ ሦስቱን ቀዳዳ፣ የግራዬ ቀለበት ጣት አንዷን። ቁስሉ ያመኛል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። ለማን እንደምለማመድ እንጃ። እልህ ነው።

የካቲት 1፣ ማክሰኞ

ዘ. መጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጋራዡ በር ላይ።

ልትወቅሰኝ ነው የመጣችው። ለጓደኛህ ሰጥተኸኝ ስታበቃ ሰው ፊት ያዘንክ የምትመስለው ለምንድነው አለች። አልገባኝም። አስረዳችኝ፤ በእናቷ አገር ወንድ የመጥሪያ ዜማውን ሌላ ወንድ እንዲነፋው ካደረገ ልጅቷን ለቀቀ፣ ለዚያኛው አሳለፋት ማለት ነው። እኔ የድሬ ልጅ፣ በየት በኩል አውቄ። ትንፋሹ የእኔ አለመሆኑን ገና ከመነሻው ለየችው። በሩ ላይ የወጣችው ለማረጋገጥ ነበር፤ ከነፊው አጠገብ ተጎልቼ አየችኝ። ያን ምሽት አባቷን እሺ አለቻቸው።

እጄን አወጣሁ። ምንም አልሰማችም ኖሯል። ስታየው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እንጥፋ አልኳት። አይሆንም አለች። አባቷ ቃል ሰጥተዋል፣ ዘመድ ተጠርቷል፤ የአባቷም ልብ ደካማ ነው፣ ይህን ውርደት አይችሉትም። ስትሄድ አንድ ነገር ለመነችኝ። የሠርጉ ቀን እንዳትነፋ አለች፤ አንተ ከነፋህ መቀመጥ አልችልም።

የካቲት 4፣ ዓርብ

ዜማው ወጣልኝ። ከዳር እስከ ዳር። መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንሻፈፋል እንጂ የእኔ መሆኑ አይጠፋትም። ጀማል ደጅ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ገብቶ፣ ወላሂ ባውቅ እጄ ይቆረጣል እንጂ አልነፋውም አለ። ያለውን ነገር ሲያስተውለው ተመልሶ ወጣ።

የካቲት 6፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ዴቻቱ ዳር ነኝ፣ አንተ ጭኔ ላይ ነህ። ሙሽራው መኪናውን አስጊጦ እየመጣ ነው፤ ጡሩምባው ከመልካ ጀብዱ መንገድ ይሰማል። ዋሽንቱን ይዣለሁ። ከዚህ ብነፋ ቤታቸው ይደርሳል። ትወጣለች። በሙሽራ ልብሷ ትወጣለች፣ አልጠራጠርም።

አባቷ ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ይስማቸዋል። አንዴ ትንፋሼን ሰብስቤ ከንፈሬ ላይ አድርጌው ነበር።

አልነፋም። ደብተሬ፣ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው የለምና አንተ እወቅልኝ፤ ጣት ስላነሰኝ አይደለም።