የቱጉልዱር እግር

ባያንሆንጎር፣ ከነጭ ወር የአዲስ ዓመት በዓል በኋላ በሰባተኛው ቀን

የምወድሽና የማከብርሽ እትዬ ሙንህዙል፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ? የከተማው ጭስ ሳልሽን አላባሰብሽም? እኛ ደህና ነን። በጎቹ መውለድ ስለጀመሩ እማዬ ከጉረኖ አትወጣም። ደህና ነን ማለቴ ለወጉ ነው፤ እኔስ ከትናንት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን እየጻፍኩ እንኳ እየተነሳሁ ምድጃው ላይ ኩበት ስጨምር ድንኳኑ እንደ እሳት መፋጀት ጀምሯል።

የልጄ ነገር ነው። ልብሱን ስቀይርለት ግራ እግሩ እንደ ቀኙ አልከፈት ይለኝ ነበር። ለእማዬ ሳሳያት "አጥብቀሽ ስለማትጠቀልይው ነው" ብላ ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ሁላችንም እንዲያ ታስረን አይደል ያደግነው? ለካ እያባስንበት ኖሯል። ጤና ጣቢያ ስወስደው አዲሱ ሐኪም ገና እንዳየው "አራት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ?" አለኝ። ዳሌው ከቦታው ወጥቷል። እግሩን ከፍቶ የሚይዝ ድጋፍ ቶሎ ካልተደረገለት እያነከሰ ያድጋል።

የት ነበራችሁ ይለኛል። እዚያው ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ሆዴ ገፍቶ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ስሄድ ነርሷ "ባልሽ የታለ? ደግሞ አንቺ ተማሪ አይደለሽም እንዴ? ሂጂ፣ አሳዳጊሽን ይዘሽ ነይ" ብላ ሰው ፊት አሳፈረችኝ። ተመልሼ እቤት ወለድኩ። የወንድማችን ሚስት ዱልማ በዚያው ሳምንት እዚያው ወለደች። እሷ ባል አላት፣ ዕድሜዋም ደርሷል፤ አልጋ ሰጧት፣ የልጇን ዳሌ በማግስቱ በመሣሪያ አዩላት። ዱልማ ምን አደረገችኝ? ግን ልጇ እግሩን ሲያወራጭ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

አሁን እማዬ በሾፌሩ በኩል የላክሽላትን ሐሳብ ነገረችኝ። ያንቺ ልጅ ተብሎ በአንቺ ስም ከተመዘገበ የከተማው ሆስፒታል ያለ ጣጣ ይቀበለዋል፤ እኔን ግን የአስራ ስድስት ዓመት የገጠር ልጅ ነች ብለው ያመላልሱኛል። "ስም እኮ ነው፤ ልጁ የት ይሄዳል?" ትለኛለች። አባት ስለሌለው በአባት ስም ፈንታ ከስሙ በፊት የሚጠራው የኔ ስም ነው፤ የኡራንጎ ልጅ ቱጉልዱር። ሌላ ምን ሰጠሁት? አልጋ እንደገዛሽለትም ሰማሁ። ልጅ ስትለምኚ ስንት ዓመት እንደኖርሽ አውቃለሁ እትዬ፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት መጠቅለያውን ፈትቼ ጣልኩት። እማዬ አኩርፋኛለች፤ ታኩርፍ። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ባትሱሪ ያደርስልሻል፤ በሚቀጥለው ጉዞው እኛ እንመጣለን፣ ሁለታችንም። ማደሪያ አትንፈጊን። ወረፋ ያዢልኝ፣ ከበር ጠባቂው ጋር ተከራከሪልኝ፤ አንቺ አፍ አለሽ፣ እኔ ሲቆጡኝ ድምፄ ይጠፋል። አሳዳጊ አምጪ ካሉኝም አንቺ ሁኚልኝ። ቢመልሱን በማግስቱ ደግመን እንሄዳለን። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ "የልጁ እናት ማናት?" ብለው ሲጠይቁ፣ እኔ ፈርቼ ዝም ብል እንኳ፣ ቀድመሽኝ አትመልሺ።

ዘላለማዊው ሰማይ ይጠብቅሽ፤ ቤትሽ ሙቀት አይጣ።

ታናሽ እህትሽ
ኡራንጎ