ጡረታሽን አልነኩትም

ውድ እታለም፣

ብደውልልሽ ልመልስ ብለሽ ጉሮሮሽን እንደምታስቸግሪው ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ። ዋናውን ላስቀድም፤ አልነኩትም። የመምህራን ጡረታ በስልሳ ዓመት እንደነበረ ጸንቷል። ስልሳ አምስት ያሉት ቀርቷል። መቆየት የፈለገ ይቆያል፣ የደከመው በክብር ይወጣል። አንቺም ስምንት ወር ብቻ ቀረሽ።

አሁን ሳልነግርሽ የቆየሁትን ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት የተቃውሞውን ወረቀት ይዘሽ መምህሩን ሁሉ ስታስፈርሚ፣ «ፈተና እያረምኩ ነው፣ ነገ» ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ምክትል ርእሰ መምህርነቱ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው። የእናትሽ ልጅ ሳልፈርም የስፖርት መምህሩ ፈረመ። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽብኝም፤ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ድምፅሽ ተዘግቶ ወንድማችን ዘንድ ለማረፍ ስትሄጂ፣ የተማሪዎችሽን ስም ዝርዝር ፍለጋ መሳቢያሽን ከፈትኩ። ወረቀቱ እዚያው ነበር። ቁጭ ብዬ ፈረምኩና በማግስቱ ወደ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ይዤው ዞርኩ።

ጡረታውን ወደ ስልሳ አምስት የሚያሳድገው ረቂቅ ለውይይት የቀረበ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያዘጋጀው ባለሙያ፣ «ማስተማር ጉልበት አይጠይቅም። አምስት ዓመት ብትጨመር ምን አላት?» አለ።

እጄን አወጣሁ። ስብሰባ ላይ ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

«እህቴ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሠላሳ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራለች» አልኩ። «ዛሬ ውሃ ስትፈልግ ወረቀት ላይ ጽፋ ነው የምትጠይቀው። ሥራው ጉልበት ካልጠየቀ ድምፅዋን ምን በላው?»

እኔም ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ድምፁ የሰለለ፣ ወገቡን ያመመው፣ እግሩ የሚያብጥ መምህር ካለ እባካችሁ ተነሱ» አልኩ።

መጀመሪያ ከፊት ረድፍ አንድ ሸበቶ መምህር ወንበር ተደግፈው ተነሱ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች። ከዚያ የወንበሩ ድምፅ አላባራ አለ፤ ግማሹ አዳራሽ ቆመ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው የቆመውን ሰው ሲያዩ ቆዩና ወደ ባለሙያው ዞሩ።

«ይህን ጥናትህ ውስጥ ለምን አላገኘሁትም?» አሉት።

ውሳኔው ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰን። የመምህራን ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። የስፖርት መምህሩ ብድግ አድርጎ ተሸከመኝ፤ አንድ ጫማዬ ወልቆ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አይታኝ የማታውቅ አዲስ መምህርት ሳይቀር አቅፋ ሳመችኝ። ምክትልነቱ እንኳ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ይስጡት፤ እንዲህ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ ወሬው ሁሉ የእኔ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ደግሞ በሥራ ቀን፣ ፀሐይ ከወጣች ከስንት ሰዓት በኋላ፣ ተጠቅልለሽ ስትተኚ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ማንም እንዳይቀሰቅስሽ በር ላይ እቆማለሁ።

ዛሬ ደረቷን ነፍታ የዋለችው ታናሽሽ