ስፔሰር ያልገባለት ሶሌታ

አቃቂ በሰቃ፣ ኅዳር 9

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለገብረጻድቅ፤ ያለህበት በረሃ ጤናህን አያጓድልብህ። እኔና እማዬ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን።

ወንድምዓለም፣ ያስተማርከኝ ሙያ አኮራኝ! ባለፈው ወር ቂሊንጦ ሳይት የፎቁን ወለል ሶሌታ በኮንክሪት ልንሞላ ስንል የታችኛው ፌሮ ብረት ጣውላው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ከፍ አድርጎ የሚይዘው ስፔሰር አልገባለትም።

"ሲሞላ በእጅ ሳብ እናደርገዋለን" አለ ፎርማኑ።

"ከሥሩ ኮንክሪት ካልሸፈነው ይዝጋል፤ አይሞላም!" ብዬ መሃሉ ላይ ቆምኩ። ኢንጂነር እየሩሳሌም መጥታ ጎንበስ ብላ አየችና ሙሌቱን አስቆመች። ግማሽ ቀን ሙሉ ከሲሚንቶ የተሠራ ስፔሰር ከሥሩ እየደረደርን ብረቱን አነሳነው።

ትናንት ጣውላው ሲፈታ አንድም ፌሮ አፍጥጦ አልታየም። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የብረት ሠራተኞቹ፣ የፌራዮዎቹ አለቃ እኔ ነኝ!

እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ወዲያው ግን "ወንድምሽስ ምን አለ?" አለችኝ። የፋሲካውን ደብዳቤህን፣ ቀኑን ዘልዬ፣ እንደ አዲስ አነበብኩላት።

ይህን የሚያደርስልህ ሾፌር ማክሰኞ ይመለሳል። ሁለት መስመርም ትበቃናለች።

እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ።

እህትህ ዕፀገነት