ከእኛ ጋር ፀሐይን የምትዞረው ድንጋይ

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ። ፍኖተ ሰላም።
ጠዋት የገባ በርበሬ፦ ከቡሬ ዘጠኝ ኬሻ፣ ከጅጋ አራት። ከጅጋው አንዱ እርጥብ ስለነበር መልሼዋለሁ።

ሙሉቀን የኔ ዓለም፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። መንፈቅህን በደንብ አውጥተናል፤ ካህናቱም ጎረቤቱም ጠግበው ነው የሄዱት። ያፈስ ለነበረው የመጋዘን ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ አስለውጬለታለሁ። ወንበርህ አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። ቦታ ስለጠበበኝ ሚዛኑን ወደዚያ አስጠግቼዋለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።

የምጽፍልህ ግን ይህን ልነግርህ አይደለም። ቅናት ይዞኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በድንጋይ።

በሕይወት ሳለህም እቀና ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ። ከመጋዘናችን ብዙም የማትበልጥ፣ ስሟ እንኳ ቁጥርና ፊደል የሆነ፣ በሰማይ ላይ ያለች ድንጋይ። በዓይን አትታይም፤ አንተም አንድ ቀን እንኳ አላየሃትም። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ያለችበትን ቦታ በስልክህ ታወርዳለህ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ ባለካሬው ደብተር ላይ ነጥቧን ታስቀምጣለህ። እኔ ቡሬ ሄጄ መኪናው ተበላሽቶብኝ በማግሥቱ ስመጣ «መጣሽ?» አልክና መልሰህ ደብተርህ ላይ አጎነበስክ። የእሷን ግን ለከርሞ የት እንደምትደርስ ሳይቀር ታውቅ ነበር። ይህ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ትናንት መምህርት ሰብለ መጣች። አስተምረሃት ኋላም አብራህ ፊዚክስ ያስተማረችው ልጅ። መንፈቅህ እስኪያልፍ ጠብቃ ነው። «ደብተሩን ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡን፣ መምህር ካቆሙበት ልጆቹ ይቀጥሉታል» አለችኝ። አነጋገሯ ትሁት ነው። እኔ ያየሁት ግን ስምህን ስትጠራ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ነው። ዕቃ ወዶ እንዳልወደደ የሚያስመስል ገዢ ስንት አይቻለሁ፤ እሷ ማስመሰሉንም አልቻለችበት።

የማላውቅ መስሏት ታስረዳኝ ጀመር። ድንጋይዋ መሬትን የምትዞር ትመስላለች እንጂ የምትዞረው ፀሐይን ነው፤ እንደ እኛው ባንድ ዓመት አንድ ዙር። አንዴ ትቀድመናለች፣ አንዴ ወደኋላ ትቀራለች፣ ግን አትርቀንም። «መምህር ሲያስተምሩን፣ አውድማ ላይ ከበሬዎቹ ጎን የምትሮጥ ጥጃ ናት ይሉን ነበር» አለችኝ።

ደሜ ፈላ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም። ያን ምሳሌ የሰጠሁህ እኔ አይደለሁም? ጅጋ አባቴ ቤት ጤፍ ሲወቃ ዳር ቆመን ነበር። አንተ ስለ ድንጋይዋ ልታስረዳኝ ትለፋለህ፣ እኔ ጥጃዋን አያለሁ። አንዴ ከበሬው ፊት ትሆናለች፣ አንዴ ከኋላው። «ታዲያ እንደዚያች ጥጃ ናታ! በሬውን የምትዞር ትመስላለች እንጂ ሁለቱም የሚዞሩት የአውድማውን መሃል ነው» አልኩህ። አባቴ እያየ እጄን ያዝከኝ። የሁለታችን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለስንት ክፍል ተማሪ አድለኸዋል!

«ጥጃዋ የአባቴ ናት» አልኳት። «አውድማውም የአባቴ።»

ሳቋ መጣና መልሳ ዋጠችው። «እሱንም ይነግሩን ነበር እኮ፤ ‹የባለቤቴ አባት ጥጃ› ነበር የሚሏት» አለች። ይህን ስሰማ መብረድ ነበረብኝ። አልበረድኩም።

ደብተሩን አውጥቼ ከእጄ ሳልለቅ አሳየኋት። እየገለጠች መጨረሻው ገጽ ደረሰች። «ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ከመስመሯ ወጥታለች፤ ላስተካክላት፣ እትዬ?» ብላ ከቦርሳዋ ላጲስ አወጣች። ደብተሩን ዘጋሁባት።

ያቺ ነጥብ የእኔ ናት። ሆስፒታል ተኝተህ እርሳስ መያዝ ሲያቅትህ፣ አንተ ካሬውን እየቆጠርክ፣ እኔ አስቀመጥኳት። ስለ እኔ አንድ ነገር ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ የምታወራው ስለ ድንጋይዋ ነበር፤ ተናድጄ አንድ ካሬ ዘለልኩ። አየሃት። መሳሳቴንም አወቅክ። «ትሁን፣ ቆንጆ ናት» ብለህ ዓይንህን ጨፈንክ። ለእኔ ይሁን ለእሷ ያልከው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሰብለን ባዶ እጇን ልሸኛት ነበር። ግን ነጥቦቹን ማንበብ የማልችለውን ደብተር ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ብቀመጥ ምን አገኛለሁ? እሷ ታውቅሃለች፤ እኔ በማላውቅህ በኩል። ስለዚህ ዋጋዬን ጠራሁ፦ ደብተሩ ከዚህ ቤት አይወጣም። እሷ ትመጣለች፣ አንድ ገጽ ታስረዳኛለች፣ ያን ገጽ ወደ ሌላ ደብተር ገልብጣ ትሄዳለች። በእኔ ፊት፣ ዝቅተኛው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ፤ ወንበርህ ላይ አይደለም።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ዓመት ይፈጃል!» አለች።

«ድንጋይዋስ በስንት ጊዜ ነው የምትዞረው?» አልኳት። ተስማማን።

የተሳሳተችው ነጥብ እንዳለች ትኖራለች፤ ማንም አይነካትም። ቀጥሎ ያለችውን ነጥብ እኔ በትክክል አስቀምጣለሁ። ድንጋይዋን አልወደድኳትም፣ አልዋሽህም። ቢሆንም የት እንደደረሰች የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ ስለ እሷ የጠየቀኝ ሁሉ አስቀድሞ የአንተን ስም ይሰማል።

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ባለካሬ ደብተር አንድ፣ እርሳስ ሁለት መግዛት። ሰብለ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች።