ቤቱ ሲሠራ ያልነበረው ደረጃ

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንደምን አለ? ጉልበትዎን ነጥዬ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከቆሙት ጥንታዊ ቤቶች በአንዱ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ታች እሰፋለሁ፤ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የአንዳችን ግድግዳ የሌላችንም ግድግዳ ስለሆነ፣ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምትለው እናቴ ናት። እንዲህ ያለውን ቤት ቅርስ ብለው ስለመዘገቡልን ምስጋናችን ከልብ ነው። ምስጋናዬን ግን ዘርዘር ባደርገው ይሻላል።

አንደኛ፣ ስለ ደረጃው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ፣ እናቴ እኔን ባረገዘች ጊዜ ከሱቁ ወደ ላይ የሚያወጣ ሰፊ የእንጨት ደረጃ ከነመደገፊያው ሠርቶላት ነበር። ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ደረጃው ቤቱ ሲሠራ ያልነበረና በኋላ የተጨመረ መሆኑን በትሕትና አስረድተው ነቅለው ወሰዱት፤ በምትኩም ቀጥ ያለውን የጥንት መሰላል ከነጠባብ መውጫ ቀዳዳው መለሱልን። ሥራቸው ግሩም ነው፤ ምስማሩ እንኳ ያረጀ ይመስላል። ልብ ያላሉት ነገር ቢኖር እናቴ ያን ጊዜ ፎቅ ላይ መሆኗን ብቻ ነው። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት መሰላል አትወርድም፤ አዝዬ እንዳላወርዳት ቀዳዳው ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ደረጃውን መልሼ እንዳልሠራ ደንብዎ ይከለክለኛል። ቤት ቀይሩ እንዳይሉንም፣ ለመቀየር መጀመሪያ መውረድ ያስፈልጋል። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ እሷ ግን አልወጣችም። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ በራችን ላይ የሰቀሉልን ሰሌዳ ራሱ እንደሚለው፣ ቤቱ ሲሠራ ላይኛው ክፍል የጨርቅ መጋዘን እንጂ ሰው የሚያድርበት አልነበረም። መሰላሉም የተሠራው ጣቃ ተሸክሞ ለሚወጣ ጎረምሳ ነው። ይህንኑ ላመለክት ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ትሑቱ መሐንዲስዎ ከመስኮታችን በላይ ያለውን የብረት መንጠቆ በፎቶ አሳይተውኝ፣ በጥንት ጊዜ ከባድ ዕቃ በገመድ ይወርድ እንደነበር ነገሩኝ። ለእናቴ ባደርስላት «መጀመሪያ አለቃቸውን አውርደው ያሳዩኝ፤ ገመዱ ከቻላቸው እከተላለሁ» ብላለች። መልእክቷን አድርሻለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ክብር ነው። መስኮት ላይ ስትቀመጥ ጎብኚዎችዎ ፎቶ ያነሷታል፤ አስጎብኚዎም «ሕያው ቅርስ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ሻሿን አስተካክላ እጇን ታወዛውዝላቸው ነበር። አሁን መጋረጃውን ትዘጋለች።

ክቡር ሆይ፣ ለአፍታ ቀልዴን ልተው። ስሰፋ ከራሴ በላይ እግሯን እሰማለሁ፤ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ። ታናሽ እህቷ ስትሞት፣ አስከሬኑ በመንገዳችን ሲያልፍ በመስኮት አየች እንጂ አልቀበረችም። አጎንብሳ ስትጣራ ድምፅዋ ከለቀስተኛው ድምፅ ጋር ተቀላቀለ፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እኔም የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ያን ቀን ቤቱ ቢፈርስ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ማለቴ ቅርስ መናቅ ሆኖ ከተገኘ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የጉልበትዎን ጤና አብዝቼ እየተመኘሁ፣ ከታችኛው ክፍል ወደ ቀዳዳው አንጋጥጬ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመሰላሉ ሥር ሆኜ ባነብላት፣ እናቴ አንድ ነገር እንድጨምር አዝዛኛለች። እሷም ቤቱ ሲሠራ አልነበረችም፤ ሙሽራ ሆና የገባች፣ በኋላ የተጨመረች ናት። በደንብዎ መሠረት መነቀል ስለሚገባት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ባለሙያዎችዎ ደረጃውን ለመንቀል ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውምና፣ ለእሷም ከዚያ በላይ አይፈጅባቸውም ብላ ታምናለች።