ለአንድ ቀን ብቻ የታየው «የኦክታቪያ ቤት»፦ የአቶ ኤልሪ ሳቮይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤልሪ በርናርድ ሳቮይ ከአባታቸው ከአቶ ሬይፎርድ ሳቮይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦክታቪያ ጊልሪ በሉዊዚያና፣ ሌክ ቻርልስ ከተማ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1938 ተወለዱ። እናታችን ለእኛ ለልጆቻቸው ያወሩልን እንደነበረው፣ ከመወለዳቸው በፊት ሁለት ጊዜ የውሸት ምጥ አስመጥተው አዋላጇን በከንቱ አመላልሰዋታል። ይህ ዓይነቱ ነገር ዕድሜ ልካቸውን እንደሚከተላቸው ያኔ ማን አወቀ።

ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ በባቡር ሎስ አንጀለስ ገባ። አባታችን ፍራሽ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ እናታችን ሁለቱን የኋላ ክፍሎች ለባቡር ሠራተኞች እያከራዩ፣ እሑድ እሑድ በሸርጣንና በባሚያ ወጥ ሰፈሩን ይሰበስቡ ነበር። አቶ ኤልሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1956 ጨርሰው ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት ካገለገሉ በኋላ፣ ፖስታ ቤት ገብተው ለዐሥራ አራት ዓመት ደብዳቤ ለይተዋል። በምሳ ሰዓት በተጣሉ ቅጾች ጀርባ ላይ ድራማ ይጽፉ ነበር። በ1964 ከወይዘሮ ማርሴላ ፎንተኖ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ዳፍኔንና ሮይስን ወልደዋል።

በ1972 የቴሌቪዥን ድራማ ለመጻፍ ከፖስታ ቤት ሲለቁ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እናታችን፣ «አንተ ልጅ፣ ጡረታ ያለው ሥራ ጥለህ ወሬ ልትሸጥ ነው?» አሏቸው።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ማክሰኞ ማታ ሶፋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ሥራዬን ታያለሽ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አሠራልኝ፤ ምስሉ ይዘላል።»

ቴሌቪዥኑን አሠሩ። እናታችንም መስከረም በመጣ ቁጥር፣ አዳዲሶቹ ድራማዎች በሚጀምሩበት ሳምንት፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ መቀመጥ ልማድ አደረጉ።

ዛሬ ለሽኝታቸው ከተሰበሰባችሁት በዚያ ሙያ የኖራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ለቀራችሁት፦ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከታታይ ድራማ ከመግዛቱ በፊት ለናሙና አንድ ክፍል ያሠራል። በግንቦት ጣቢያው የወደደውን ይመርጥና የጻፉትን ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ ይጠራል። ያልተመረጠው ፊልም የጣቢያው ንብረት ሆኖ መጋዘን ይገባል፤ የጻፈው ሰው እንኳ ለእናቱ ሊያሳየው አይችልም። አቶ ኤልሪ ከ1973 እስከ 1991 ሰባት እንዲህ ዓይነት ክፍሎች ጽፈው ተሠርተውላቸዋል። ካንሳስ ገጠር ስለገባ ጥቁር የጥርስ ሐኪም የጻፉት፣ ስለ አንድ ፖሊስና ስለ ውሻው በተሠራ ድራማ ተበለጠ። የሁለት ቀባሪ ወንድማማቾች ታሪካቸው መሪ ተዋናዩ አስቀድሞ ለሌላ ጣቢያ ፈርሞ ስለነበር ቀረ። የፖስታ ቤቱ ታሪክ ለምን እንደቀረ የነገራቸው የለም። ክፍል በተሠራላቸው ዓመት ሁሉ ግንቦት ሲገባ ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ በር አጠገብ ይቆማል፤ ስልኩ ዝም ሲል ማርሴላ ልብሱን ወደ ቁም ሣጥን ትመልሳለች። ሰባቱንም ከቤተሰባችን አንድም ሰው አላየም እየተባለ ሲነገር ኖሯል።

ይህ ግን እውነት አይደለም። ይህን ጻፊ የተባልኩት እኔ እኅታቸው ቨርና ነኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በራሴ አፍ ልናገር።

አራተኛው፣ በ1984 የተሠራው፣ «የኦክታቪያ ቤት» ይባላል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ከቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ጋር በአውቶቡስ ላስ ቬጋስ ሄደን ነበር። ሆቴሉ ኮሪደር ላይ አንድ ወጣት ነጻ ትኬት ያድላል፤ ገና ያልታየ ድራማ አይታችሁ አስተያየት ስጡ ይላል። ሙቀቱን ለመሸሽ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ቅጹ ላይ «በቴሌቪዥን ሥራ ላይ ያለ ዘመድ አለዎት?» ይላል። «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያልታየ ሥራ እንደ ሥራ አልቆጥረውም ነበር።

እያንዳንዳችን ትንሽ መዘውር ሰጡን፤ የወደደ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ የጠላ ወደ ግራ። አርባ ሰው ነበርን፤ ከዚያ ውስጥ ሴቶች ዘጠኝ። መብራቱ ጠፋና ስክሪኑ ላይ የእናቴ ማድቤት መጣ። የተሸረፈው ሰማያዊ ድስት ሳይቀር።

አሁን የምናገረው ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። አባታችን በ1951 ከፍራሽ ፋብሪካው ተባረሩ። አፍረው ለማንም አልተናገሩም፤ ለስምንት ወር ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ምሳቸውን ይዘው ወጥተው፣ መሐል ከተማ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ይውሉ ነበር። እናታችን በሦስተኛው ሳምንት ሰምተዋል። አንድ ቀን እንኳ ሳይተነፍሱ በየጠዋቱ ምሳ ቋጠሩላቸው። እኛን ልጆቹን ግን ስንደርስበት፣ «ይህ ነገር ከዚህ በር አይወጣም» ብለው አስምለውናል።

እናም ያ የማልንበት ምስጢር፣ ቁማር ሊጫወቱ በመጡ እንግዶች ፊት ተዘርግቶ አየሁት። ደሜ ፈላ። መዘውሩን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ እስኪያልቅም አልለቀቅኩትም። ወረቀቱ ላይ «በየሳምንቱ ያዩታል?» ይላል። «በፍጹም» አልኩ። ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስፈርመውኝ ስለነበር፣ ያንን ፊርማ ሃያ አምስት ዓመት መሸሸጊያ አድርጌዋለሁ።

በግንቦት ስልኩ አልጮኸም። ጣቢያው ለአቶ ኤልሪ የላከላቸው የተመልካች ውጤት በሁለት መስመር የተሣለ ነበር፤ የወንዶቹ ሽቅብ ሲወጣ የሴቶቹ ከሥሩ ቀርቷል። እሑድ ምሳ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው፣ «ቨርና፣ እስቲ አንቺ ሴት ነሽ፤ ምኗን ጠሏት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አልኳቸው።

ሌላም ብዙ ምክንያት ይኖራል ይላሉ የሚያውቁት። አንድ መዘውር ድራማ አይገድልም ትሉኝ ይሆናል። ከዘጠኝ አንዱ ግን የእኔ ነበር። አቶ ኤልሪ ከዚያ በኋላ በጻፏቸው ሦስት ታሪኮች ውስጥ አንዲትም እናት የለችም። «ሴቶች አይወዱልኝም» ይሉ ነበር።

እናታችን በ1988 ዐረፉ። በመጨረሻው መስከረማቸውም ለብሰው ተቀምጠዋል። «እኔን ሆና የሠራችው ሴትዮ እንዴት ያለች ነበረች? ቆንጆ ናት?» ብለው ልጃቸውን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ቆንጆ ነበረች። ይህን እንኳ አልነገርኳቸውም።

አቶ ኤልሪ ከ1992 እስከ 2004 በኮሌጅ የድራማ አጻጻፍ አስተምረዋል። ሥራቸው በቴሌቪዥን የታየላቸው ሦስት ተማሪዎቻቸው ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስለ መምህራቸው የሚያነሡት ትዕግሥታቸውንና ፌዛቸውን ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ባለፈው ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ እጄን ሳሻሽ አይተው፣ «አንቺ፣ ወይ ተናገሪ ወይ ነርሷን ጥሪልኝ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ የታመምሽ ትመስያለሽ» አሉኝ። ስለ መኪና ማቆሚያው ችግር አወራሁ። ሰኞ፣ ማርች 9 ቀን 2009 በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርሴላ፣ ልጆቻቸው ዳፍኔና ሮይስ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔም አንዲት እኅታቸው ቀርተናል።

ኤልሪ፣ ወንድሜ፣ ጣቢያው የላከልህ መስመር ብቻ ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም። እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ጣሪያ ሥር ይውላል ለሚባለው ባሏ የምሳውን ቋጠሮ እየሰጠች፣ «ዛሬ ትርፍ ሰዓት አትሥራ፤ ሊዘንብ ነው» ስትለው፣ ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። ከዚያ ባልየው ቀና ብሎ አያት፤ ማወቋን አወቀ፤ ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው የማላውቃት ሴት መዘውሯን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞረችና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደዋት ነበር፣ ኤልሪ። የጠላሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አምላክ ከእማዬና ከአባባ ጎን ያሳርፍህ፤ እኔንም አንተ እንዴት እንደሠራሃት ለእማዬ የምነግርበትን ቀን አይንፈገኝ። አሜን።